የኪራዩ ጊታርና የእናቴ ጣሪያ

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ በሳምንት አራት ምሽት፣ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። በባንዱ ውስጥ ያለሁት ሴት መሣሪያ ተጫዋች እኔ ብቻ ነኝ። ጊታሩ የባንዱ መሪ ነው። ለአንድ ምሽት ከሚከፈለኝ 1,200 ብር ላይ 300 ብር ለጊታሩ ይቀነሳል። መጀመሪያ ላይ ቅር አላለኝም፤ ከክራር ወደ ጊታር ስሻገር ያስተማሩኝም፣ ወደ ባንዱ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ሁለት ዓመት ሞላው። ጊታሩም አርጅቷል፤ በየሁለት ዘፈኑ ቅኝቱ ይወርዳል፣ ኬብሉ ሲነካ ድምፁ ይቆራረጣል።

እስካሁን 38,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ሙዚቀኛ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ያማሃ ፓሲፊካ 112 ጊታሩን በ35,000 ብር ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ፎቶውን ለባንዱ ልጆች ሳሳያቸው «ይህ እኮ የተማሪ ጊታር ነው» ብለው ሳቁብኝ። በሌላ በኩል ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ሌስ ፖል የሚባለው የጊታር ዓይነት ቅርፅ ያለው አዲስ ኢፒፎን ጊታር በ700 ዶላር ገደማ ገዝቶ ሊያመጣልኝ ይችላል፤ በእኛ ገንዘብ ከ100,000 ብር በላይ መሆኑ ነው። ወርቃማ ቀለሙን በፎቶ ሳየው ልቤ ይደነግጣል። ያንን ይዤ መድረክ ላይ ብወጣ ማንም አይስቅብኝም። ገንዘቡን የማገኘው ግን ከእቁብ ዕጣዬ ብቻ ነው፤ በእሱ ደግሞ ከክረምት በፊት የቤታችንን ጣሪያ ላስቀይር ለእናቴ ቃል ገብቼላታለሁ። የባንዱ መሪም የራሴን ጊታር ለመግዛት ማሰቤን ገና አላወቁም። ውለታ ቢስ እንዳልመስላቸው እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ጭንቀት የያዛት፣ ከሐዋሳ

ውድ እህቴ፣

«በየሁለት ዘፈኑ ቅኝቱ ይወርዳል» ካልሽው ላይ ስደርስ ግራ እጄ ሳላስበው ወደ መቃኛ የሄደ መሰለኝ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ለ11 ዓመታት በሠርግ አዳራሽና በሆቴል መድረክ ጊታር ስጫወት ስለኖርኩ ያን ድንጋጤ አውቀዋለሁ። ድምፃዊው ሊጀምር ትንፋሹን ስቧል፤ ሁለተኛዋ ክር ወርዳለች፤ አንቺ ጀርባሽን ለታዳሚው ሰጥተሽ መቃኛውን ታዞሪያለሽ። ታዳሚው የሚያየው ያልተዘጋጀች ተጫዋች ነው፤ ያረጀውን መቃኛ ማንም አያይልሽም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን እወቂልኝ፦ የራስሽን መሣሪያ መፈለግሽ ቅብጠት አይደለም፤ የእንጀራሽ ጉዳይ ነው።

እስቲ ብሩን አብረን እንቁጠረው። በምሽት 300 ብር፣ በሳምንት 1,200 ብር ነው። ሥራ የሚቀዘቅዝበትን የዐቢይ ጾም ወቅትና አንዳንድ ባዶ ሳምንታትን ቀንሰን በዓመት 40 ሳምንት ትሠሪያለሽ ብንል፣ በዓመት 48,000፣ በሁለት ዓመት 96,000 ብር ይሆናል። ከአሜሪካ ሊመጣልሽ ወደታሰበው ጊታር ዋጋ የተጠጋ ገንዘብ ለኪራይ ከፍለሻል ማለት ነው። ይህን የምነግርሽ በመሪሽ ላይ ቂም እንድትይዢ አይደለም፤ ለመሪሽ ያለሽን አክብሮትና የኪራዩን ሒሳብ ለየብቻ እንድታዪያቸው ብዬ ነው። ሌላም ነገር ያሳይሻል። በ35,000 ብር የምትገዢው ጊታር፣ ከእንግዲህ ከማይቀነስብሽ ብር ብቻ፣ በ30 የሥራ ሳምንት ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዢው። ፎቶውን ለልጆቹ ባታሳዪያቸው ኖሮ ይህን ያህል ትጨነቂ ነበር? ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብበው ስለ ሌስ ፖሉ ድምፅ አንድም ቃል አላገኘሁም። ስለ ወርቃማ ቀለሙና ስለማይስቁብሽ ሰዎች ግን አለ። በወንዶች መካከል ብቻዋን የቆመች ሴት መሣሪያዋ ጭምር እንዲመሰክርላት ብትፈልግ አልፈርድባትም፤ ድካሙ ይገባኛል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቅኝቱን በማይጠብቅ ጊታር፣ በሳምንት አራት ምሽት፣ ከመድረክ ሳትወርጂ ኖረሻል። ከሳቁብሽ ልጆች መካከል ይህን የሚችል ስንቱ እንደሆነ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ።

ወደ ጊታሮቹ ልግባ። በእኔ እምነት ለዘወትር ሥራ የሚሆን ጊታር ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ በሦስተኛው ሰዓትም እንደ መጀመሪያው ዘፈን ቅኝቱን መያዝ። ሁለተኛ፣ ዓርብ ማታ ቢበላሽ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት እዚያው ሐዋሳ ውስጥ መጠገን። የእንጨቱ ዘር፣ የተሠራበት አገር፣ ራሱ ላይ (መቃኛዎቹ ባሉበት ጫፍ) የተጻፈው ስም፣ ሁሉም ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ሊዮ ፌንደር የሚባለውን አሜሪካዊ ስሙን ሳትሰሚ አትቀሪም። ሰውዬው ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ቤት የነበረው ሰው ነው። በኋላ ቴሌካስተር የተባለውን ጊታር እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ሲያቀርብ የጠጋኝ አስተሳሰቡን አልተወም። አንገቱን በሙጫ በማጣበቅ ፈንታ በአራት ብሎን አሰረው፤ ቢጣመም ተፈትቶ እንዲቀየር። ራሱንም ወደ ኋላ ሳያዘነብል ከአንገቱ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲሄድ አደረገው። ያ ፓሲፊካ፣ የተማሪ ነው ተብሎ የተሳቀበት ማለቴ ነው፣ የዚህ አሠራር ዘመድ ነው። ያማሃ ፓሲፊካን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ይሠራዋል። ልጆቹ «የተማሪ» ያሉት ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነና ጀማሪዎችም ስለሚገዙት ይመስለኛል። በደንብ የተስተካከለ ፓሲፊካ 112 ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። እንዲያውም የባንድሽ የድምፅ ባለሙያ ይወድልሻል ብዬ እገምታለሁ፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ድምፅ የሚያነሱት ክፍሎች፣ ፒክአፕ የምንላቸው፣ በፓሲፊካ 112 ላይ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ነጠላ ናቸው፤ ክሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ በኩል ያለው ግን ድርብ ነው፤ ሐምባከር ይባላል። ነጠላው ጥርት ያለና ክራር ክራር የሚል ድምፅ አለው። ለአንቺ ጆሮ ቅርብ ነው፤ በትዝታና በባቲ ላይ ያምራል። ችግሩ የመብራት መስመሩን እምምታ መሰብሰቡ ነው። በተለይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ወይም የመድረኩ መብራት ማደብዘዣ ያለው ከሆነ፣ ዘፈን ባቆማችሁ ቁጥር እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ድርቡ ይህን እምምታ እንዲያጠፋ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ ጸጥ ባለ ምሽት በነጠላው ትጫወቻለሽ፤ ጄኔሬተር በተነሳበት ምሽት የፒክአፕ መምረጫ ማብሪያውን ወደ ድርቡ ታዞሪያለሽ። የሚሸጥልሽ 112ቪ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቶን የሚባለውን የቃና ማስተካከያ ቁልፍ ወደ ላይ ስትስቢው ድርቡም እንደ ነጠላ ይሆንልሻል።

ሌስ ፖሉን ላጥላላብሽ አልፈልግም። ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፤ ያዝ ያደረግሽው ኖታ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የክሮቹ ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የፓሲፊካው 648 ነው። በሌስ ፖል ላይ ክር ስትገፊ ለጣት ለስለስ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ግን ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎ ይመዝናል፣ ያልፋልም፤ አራት ሰዓት ቆመሽ ስትጫወቺ ትከሻሽ ያውቀዋል። ከክብደቱ ይበልጥ እኔን የሚያሳስበኝ ራሱ ነው። አንገቱ ከገላው ጋር በሙጫ የተያያዘ ነው፤ ራሱም ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ጊታሩ በጀርባው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚመታው እሱ ነው።

በአንድ የጥር ሠርግ ላይ የሆነብኝን ላጫውትሽ። ለእራት ስንቋረጥ እንዲህ ያለ ቅርፅ የነበረውን ጊታሬን ማጉያው ላይ አስደግፌ ሄድኩ። ማስቀመጫ ነበረኝ፤ ከመኪናው ለማውረድ ታክቶኝ ተውኩት። አንድ ሕፃን ኬብሉን ረግጦ አለፈ። የሰማሁት ድምፅ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት፣ አጭር ነበር። ስመለስ ራሱ በክሮቹ ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የቀረውን ሌሊት ኪቦርድ ተጫዋቹ የእኔንም የእሱንም ሠራ፤ እኔ ዳር ተቀምጬ ጭብጨባ ረዳሁ። ስብራቱን በሙጫ በትክክል የሚያጣብቅ ሰው እስካገኝ ስድስት ሳምንት ሥራ ፈታሁ። አንገቱ በብሎን የታሰረና ራሱ ቀጥ ያለ ጊታርም ሲወድቅ ይጎዳል፤ እንዲህ በቀላሉ ግን አይቆረጥም።

ስለዚህ ሐሳቤ ወደ ፓሲፊካው ያዘነብላል። ሳትፈትሺው ግን አትግዢው። አዲስ አበባ ስትሄጂ የራስሽን ኬብልና መቃኛ መሣሪያ፣ ወይም በስልክሽ ላይ የጫንሽውን የመቃኛ መተግበሪያ ይዘሽ ሂጂ። ማጉያ ያለበት ቤት እንገናኝ በይው። በጠዋት ሂጂ፤ ጊታሩ በቀን ብርሃን መታየት አለበት።

መጀመሪያ ሳትሰኪው እዪው። አንገቱን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይንሽ አስጠግተሽ ከራሱ እስከ ገላው ተመልከቺ፤ በጣም ትንሽ ወደ ፊት ጎበጥ ማለቱ ደግ ነው፣ እንደ ጠመዘዙት ጨርቅ መዞሩ ግን አንገቱን ከመቀየር ሌላ መድኃኒት የለውም። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አምስት ፍሬቶች፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበሩትን የብረት መስመሮች፣ በጥፍርሽ ዳሺ። ክሩ ጎድጓዳ ሰርቶባቸው ከሆነ ሰውዬው ብዙ ተጫውቶበታል ማለት ነው፤ ጥልቅ ካልሆነ ዋጋ መቀነሻ ይሁንሽ። አንገቱ ከራሱ ጋር የሚገናኝበትንና አራቱ ብሎኖች ያሉበትን ቦታ ለስንጥቅ ፈትሺ።

አሁን ቃኚውና ግማሽ ሰዓት ሳታቋርጪ ተጫወቺበት። እንደ ሥራሽ ተጫወቺ፤ ክሩን ግፊ፣ አንቀጥቅጪ፣ አምባሰል ላይ ቆዪ። በእኛ ቅኝቶች አንድ ኖታ ላይ ረጅም ጊዜ ስለምንቆይ ትንሽ የወረደች ክር እንኳ ወዲያው ታጋልጣለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና መቃኛ መሣሪያው ወይም መተግበሪያው ላይ እዪው። ከወረደ ወዲያው ተስፋ አትቁረጪ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከጊታሩ መቃኛ ቁልፎች አይደለም፣ ክሮቹ ወደ ራሱ ሲሻገሩ የሚያርፉባት ትንሿ ጥርስ ክሩን ጨብጣ ስለምታስቀር ነው። ክሩ በሚያልፍባቸው ጎድጎዶቿ ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ቢገባባት ክሩ ይንሸራተታል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ በዚህ ያልቃል። ቀጥለሽ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኚ በስሱ ነክተሽ የሚወጣውን ድምፅ፣ ተጭነሽ ከሚወጣው ጋር አነጻጽሪ። ከተለያዩ በርኩማው ላይ ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ይስተካከላል፤ ሻጩ አብሮሽ እያለ አስተካክሎ ካሳየሽ ጥሩ ነው።

በመጨረሻም ሰክተሽ ኬብሉን መግቢያው ላይ ወዝውዢው፣ ቁልፎቹን ሁሉ አዙሪ፣ ማብሪያውን በየቦታው አድርጊ። ቢንኳኳ ወይም ቢቆራረጥ አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ በጽዳት ወይም በአንድ ብየዳ የሚጨርሰው ነገር ነው። አሁን የምትከራዪው ጊታር በኬብሉ በኩል የሚቆራረጠው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ፓሲፊካው አንድ ነገር ልጨምር። በርኩማው በእጀታ የሚወዛወዝ ነው። እጀታውን ካልተጠቀምሽበት፣ ከኋላ በኩል ያለውን ክዳን አስከፍተሽ ምንጮቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አስጠብቂና በርኩማው ገላው ላይ ተኝቶ እንዲቀመጥ አድርጊ። እንዲህ ካልሆነ አንዲት ክር ስትበጠስ ምንጮቹ ያሸንፉና የቀሩት አምስቱም ቅኝታቸውን ይለቃሉ። ከተኛ ግን በአምስት ክር ዘፈኑን ትጨርሺበታለሽ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ 35,000 ብር ከከፈልሽ የሚቀርሽ 3,000 ብር ነው። የአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ አዲስ ክር፣ ማንጠልጠያ አለ፤ በዚህ ላይ ጠጋኝ ካስፈለገ አይበቃም። ሰውዬው ሊሄድ የተነሳ ነው፤ በፈተሽሽው መጠን ተከራከሪው፤ ወደ 32,000 ዝቅ ቢልልሽ ጥሩ ነው። ክር ላይ አትቆጥቢ፤ በሳምንት አራት ምሽት የምትጫወቺ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ቀይሪው፣ ከሥራ በኋላም ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው።

የአክስትሽን ልጅ አትመልሺው። ጊታር ተሸክሞ ከሚመጣ ሦስት አራት እሽግ ክርና አንድ ጠንካራ ኬብል ያምጣልሽ፤ ሻንጣው ጥግ ላይ ይገባሉ፣ ለእሱም ለስጦታ የማይከብዱ ናቸው። የሌስ ፖሉ ጉዳይ ከዋጋው ሌላም ነገር አለበት፤ ጉምሩክ ላይ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል፣ ሳጥኑን ከፍተሽ እንከን ብታገኚበት ደግሞ ወደ ዋሽንግተን መልሰሽ ማስቀየር አትችዪም። ምናልባት በራሱ አሳብ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለው መሣሪያ ላምጣልሽ ካለ በ220 ቮልት እንደሚሠራ ያረጋግጥ። ጊታሩ ራሱ ከሶኬት ኃይል ስለማይፈልግ ከየትም ቢመጣ ችግር የለበትም፤ የአሜሪካ ማጉያ ወይም ቻርጀር ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ እኛ ጋ ሲሰካ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ከበደሽ ነገር እንምጣ። መሪሽ ውለታ ውለውልሻል፤ ያን ውለታ ማንም አይክደውም። ነገር ግን መሣሪያ ስለገዛሽ ውለታ ቢስ አትሆኚም። የሚጎዳቸው ምናልባት ከሌላ ሰው መስማታቸው ነው። የባንዱ ልጆች ፎቶውን አይተዋል፤ ወሬው እስኪደርስ ብዙ ጊዜ የለሽም። ስለዚህ ሐሙስ ከልምምድ በፊት፣ ሌሎቹ ሳይመጡ፣ ሂጂና እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ እዚህ ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት። አሁን የራሴን ጊታር ልገዛ ነው፤ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙ ፈልጌ ነው። ስገዛው አብረውኝ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል»። አዲስ አበባ አብረውሽ ባይሄዱ እንኳ በስልክ ድምፁን አሰሚያቸው። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ተማሪዬ መሣሪያ ምረጥልኝ ብላ ስትጠይቀኝ የሚሰማኝ ኩራት ነበር። የኪራዩን ጉዳይ እዚያው አንሺው፤ አዲሱን ጊታር ከያዝሽበት ምሽት ጀምሮ 300 ብሩ እንደሚቆም በግልጽ ተነጋገሩ። ቅር ቢላቸው አትከራከሪ፤ ሁለት ሳምንት ስጪያቸው። ጊታራቸው ለመጠባበቂያ መድረክ ላይ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል ማለትም ትችያለሽ፤ መጠባበቂያ የማያስፈልገው ተጫዋች የለም።

የእናትሽን ጣሪያ በተመለከተ ከአንቺ የተለየ ነገር የማውቅ አይመስለኝም። ቃል ገብተሽላታል። ክረምት ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ሐዋሳ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ታውቂዋለሽ። የእቁቡን ብር ለጣሪያው አውዪው። ለእናትሽ ግን ጊታር ልትገዢ መሆኑን ንገሪያት፣ ከየትኛው ገንዘብ እንደሆነም ጭምር። ካለበለዚያ መሣሪያውን ቤት ስታስገቢ መጀመሪያ የምታስበው ጣሪያዋን ነው።

ሌስ ፖሉ ከልብሽ ካልወጣ ደግሞ ከልብሽ አታስወጪው። የሚቀርልሽን 300 ብር በየምሽቱ ለብቻው አስቀምጪ። ከዓመት በኋላ ስንት እንደሆነ ከላይ ቆጥረነዋል። ያኔ አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለ ሌስ ፖል ለምነሽ ለአንድ ሰዓት ተጫወቺበት፤ ድምፁ እንደ ቀለሙ ልብሽን ካስደነገጠው የዚያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ለዚህኛው ጉዞ ግን ኬብልሽን አትርሺ። አንገቱ ላይ ስንጥቅ ካየሽ፣ ሰውዬው ምንም ቢምል፣ ብርሽን ይዘሽ በዚያው ቀን አውቶቡስ ተመለሺ። ደህና ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ሐሙስ ምሽት እንዴት እንዳለፈ ጻፊልኝ፤ በተለይ ስንት ዘፈን ሳትቃኚ እንደተጫወትሽ።